የአራት ትውልድ የጣና ንግዳችንን ታሪክ እንዴት ሰበሰብነው

ቤተሰቤ ዕቃ ሲያመላልስ አራት ትውልድ ሆኖታል፤ ከአያቴ ወዲህ በጣና ላይ ነው። ቅድመ አያቴ በበቅሎ እየጫነ አገር ለአገር የሚዞር ሲራራ ነጋዴ ነበር። አያቴ የዘጌን ቡና በታንኳ ያሻግር ነበር። አባቴ በሞተር ጀልባ ሠራ። አሁን ደግሞ እኔና ወንድሞቼ ባሕር ዳር ላይ ጀልባዎቹን ይዘናል። ዛሬ ይህን በአራት አረፍተ ነገር እናገረዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ቤታችን ውስጥ ነገሩን ከዳር እስከ ዳር የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

ጎጃም ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ንግድ ብዙ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላ፣ ሞጣ ብትሄዱ የእህል መጋዘን፣ የጨርቅ ሱቅ፣ ወፍጮ ቤት ከአያቱ የተረከበ ሰው አታጡም። አባት ሲያርፍ ልጆቹ ሱቁን ይወርሳሉ። ሱቁ በማን ገንዘብ እንደቆመ፣ ማን ያለ ደመወዝ እንደሠራበት፣ ለማን ምን ቃል እንደተገባ ግን አይወርሱም። ጠቡ የሚመጣው ከዚያ ነው። እኛ ያለፍንበት መንገድ ለሌላው ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ነው የምጽፈው። ዓመቶቹን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

እኛ ቤት ነገሩ የተነሳው አባቴ፣ እኛ አባባ የምንለው፣ አልጋ ከያዘ በኋላ ነው። የጀልባዎቹ ፈቃድ በአባባ ስም ነው። የአክስቴ ልጆች «የእናታችን ድርሻ አለበት» አሉ። ታናሽ አጎቴ ደግሞ «ወጣትነቴን ሙሉ ሳይከፈለኝ ሠርቻለሁ» አለ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ሁሉንም ሰምተው አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረቡ፦ «የመጀመሪያው ሞተር በማን ብር ተገዛ?» ሁሉም መለሰ። መልሱ ግን የተለያየ ነበር። የሒሳብ ደብተሩን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ «አንቺ አጣሪና አምጪልን» ተባልኩ።

ከሞተሩ ጀመርኩ። ሞተሩ ወደ ታንኳው ወሰደኝ፤ ታንኳው ደግሞ ወደ ቅድመ አያቴ በቅሎዎች።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር «መቼ ነበር?» ብሎ መጠየቅ እንደማያዋጣ ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ዓመት በቁጥር አይዙም፤ በሆነው ነገር ነው የሚያስታውሱት። ስለዚህ አንድ ወረቀት ላይ ሁሉም የሚያውቃቸውን ክስተቶች ከነዓመታቸው አሰፈርኩ። ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884። የኅዳር በሽታ 1911። ጣሊያን የገባው 1928፣ የወጣው 1933። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ 1953። የጎጃም ገበሬ በግብር የተነሳ ያመጸው 1960። አብዮቱ 1966። የገጠር መሬትና ትርፍ ቤት የተወረሰው 1967። የብር ለውጡ 1969። ድርቁ 1977። ኢሕአዴግ የገባው 1983። ከዚያ በኋላ ጥያቄዬ ተለወጠ። «ይሄ ሲሆን ጣሊያን ወጥቶ ነበር ወይስ አልወጣም?» «ፋብሪካው ተሠርቶ ነበር?» «እርስዎ ያኔ አግብተው ነበር?» ስትሏቸው ፊታቸው ይበራል። ከሁለትና ከሦስት ሰው እንዲህ እየተጠየቀ ሲመጣ ዓመቱ ራሱ ይጠብባል።

ሞተሩን ልንገራችሁ። አባባ የተገዛው «ከአብዮቱ በኋላ ነው» ይል ነበር። ታላቅ እህቱን፣ ማለትም ያችኑ አክስቴን፣ ሁላችንም እታለም ነው የምንላት። እታለም ግን «ኧረ ወዲያ! የሰጠሁት ብር የጃንሆይ ሥዕል ያለበት ነው፤ ገና ለውጡም አልመጣ» አለች። የብር ለውጡ 1969 ነው፤ እንግዲህ ከዚያ በፊት መሆን አለበት። «ገበሬው ሲያምጽስ?» አልኳት። «ያኔማ አባቴ በታንኳ ነበር የሚሠራው፤ ሞተር የት አለና» አለች። ስለዚህ ከ1960 በኋላ ነው። የበኩር ልጇን ክርስትና ያስነሳችበትን ዓመት ስትጨምርልኝ ነገሩ ወደ 1964 አካባቢ ወረደ። ኋላ የአባባን የቆርቆሮ ሳጥን ስንበረብር ደረሰኙ ተገኘ። 1964 ይላል።

የደረሰኙን ጀርባ ገልብጬ ባላየው ኖሮ ግን ጉዳዩ አይፈታም ነበር። አያቴ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ ሰው ነው፤ ጽሕፈቱ ያስታውቃል። ጀርባው ላይ ከእታለም የተቀበለውን ገንዘብ በገዛ እጁ መዝግቦታል። ከዋጋው ሲሰላ ሲሶ ያህሉ ነው። ስለዚህ የምመክራችሁ፦ ያገኛችሁትን ወረቀት ሁሉ ገልብጡት። የድሮ ነጋዴ ደብተር ይቆጥባል። ጉዳዩን የሚጽፈው ደረሰኝ ጀርባ ላይ፣ የቀን መቁጠሪያ ኅዳግ ላይ፣ የሲጋራ ካርቶን ላይ ሳይቀር ነው።

እታለም ያን ገንዘብ ከየት አመጣችው? ይህን ለመመለስ የንግዱን ሥር ማወቅ ነበረብኝ። ለእኔ ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ክፍልም ይህ ነው።

ዘጌ በሬ ጠምዶ የማይታረስበት አገር ነው። በአካባቢው እንደሚነገረው አቡነ በትረ ማርያም ናቸው ቡናውን የተከሉት፤ ማረስና ከብት ማርባት የተከለከለውም ከዚያ ጀምሮ ነው። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ሥርዓት ነው። ሰው ግን በቡና ብቻ አይኖርም። ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ሽምብራ ከውጭ መምጣት አለበት። ቡናና ጌሾ ደግሞ መውጣት አለበት። በየብስ ለማመላለስ ብትሞክሩ ወደ ቁንዝላ መሄጃው ላይ ግልገል አባይ አለ፤ በምሥራቅ ዞሬ ልሂድ ካላችሁ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይጠብቋችኋል። ክረምት ላይ እነዚህ ወንዞች ሲሞሉ ነጋዴ ዳር ላይ ሰፍሮ ይከርማል። ሐይቁ ግን ክፍት ነው። የቤታችን ንግድ የተወለደው ዘጌ እህል ስለሌላት፣ በሐይቁ ሰሜን ያለው ደንቢያና የደቅ ደሴት ደግሞ እህል ስላላቸው ነው። ይህን ሳውቅ አያቴ ለምን አንድም ጊዜ ባዶውን እንደማይመለስ ገባኝ። ሲሄድ ቡናና ጌሾ፣ ሲመለስ እህል።

በጎጃም ርስት በሴትም በወንድም ይወርዳል። እታለም ከእናቷ የወረሰችው የቡና ቦታ ዘጌ ላይ ነበራት። ቡናውን ራሷ ታስለቅም፣ ራሷ ታሰጣ፣ ራሷ ትሸጥ ነበር። የሞተሩ ሲሶ ከዚያ ቡና የመጣ ነው። በአባባ አፍ ግን ታሪኩ ሁልጊዜ «እኔና አባቴ ገዛነው» ነበር። አባባ ዋሸ ማለቴ አይደለም። ሴቶቹ ያዋጡት ገንዘብ በየቤቱ «እገዛ» ይባላል፤ ድርሻ አይባልም። የቤተሰባችሁን ንግድ ስትጠይቁ ከሴቶቹ ጀምሩ። ማን ምን እንደሰጠ፣ መቼ እንደሰጠ፣ የቱ እንደተመለሰና የቱ እንዳልተመለሰ እነሱ ጋ ነው ያለው።

እታለምን አንድ ቀን ዘጌ ወደብ ይዣት ሄድኩ። ቤት ውስጥ ስጠይቃት «ረሳሁት ልጄ» የምትለው ነገር እዚያ ስትደርስ መጣላት። ታንኳዎቹ የሚቆሙበትን፣ ጌሾው የሚታሰርበትን፣ ሚዛን የሚሰቀልበትን ዛፍ እያሳየች ነገረችኝ። አዛውንት መንቀሳቀስ ከቻሉ ሥራው ይሠራ ወደነበረበት ቦታ ውሰዷቸው። ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አትደብቁ፤ «እየቀዳሁ ነው» ብላችሁ አስቀምጡት። ማታውኑ ደግሞ ገልብጡት። ካደረ ስሞቹ ይምታቱባችኋል።

ስለ ታንኳው ትንሽ ልቆይ። ታንኳ ከደንገል ነው የሚሠራው። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ እየተጠቀለለ ይታሰራል። ውሃ ስለሚጠጣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ ቆሞ እንዲደርቅ ይደረጋል። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው የወራት ነው። ይህን ሳስብ አንድ ነገር ገረመኝ። አያቴ ለአባቴ ያወረሰው ታንኳ ሊኖር አይችልም። የወረደው የታንኳ ሠሪዎቹ ትውውቅ፣ የቡና ባለቤቶቹ እምነት፣ የዱቤው መዝገብና የነፋሱ ዕውቀት ነው። ጣና ጥልቀቱ በአማካይ ከ8 ወይም ከ9 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ስፋቱ ግን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ሞገዱ ፈጥኖ ይነሳል። ጠዋት ጸጥ ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይናወጣል። አያቴ ጎህ ሳይቀድ የሚነሳው ለዚህ ነው። እኛም ዛሬ በሞተር እየሠራን ይህን ሥርዓት አልለወጥንም።

ታንኳውን የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። በጣና ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ በእነሱ ታንኳ ተሻግሯል፤ ግን ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ሲናቁ ኖረዋል። እኛ ቤት በሚወራው ታሪክ ውስጥ አንድም ጊዜ ስማቸው አይነሳም። «አያታችሁ በታንኳ ይነግድ ነበር» ይባላል፤ ታንኳው ከሰማይ የወረደ ይመስል። ስለዚህ አባታቸው ለአያቴ ታንኳ ይሠሩና ይቀዝፉ የነበሩ አንድ አዛውንት ፈልጌ ሄድኩ።

«አባባ፣ አያቴን ያውቁታል?» አልኳቸው።

«እንዴት አላውቀው! አባቴ ስንት ዘመን ቀዘፈለት» አሉኝ።

ቤታችን ውስጥ የምንኮራበት አንድ ወግ አለ። ማዕበል ሲመጣ ታንኳውን ለማዳን ጭነት ይጣላል። አያቴ በዚህ ጊዜ ኪሳራውን ጭነቱ ለተጣለበት ሰው ብቻ አይተውም ነበር ይባላል። በታንኳው ላይ ዕቃ የጫኑት ሁሉ እንደየጭነታቸው ይካፈሉታል። ይህ በባሕር ንግድ የታወቀ ደንብ ነው። መርከቧን ለማዳን ተብሎ የተጣለ ዕቃ ኪሳራው በመርከቡ ባለቤትና በጭነት ባለቤቶች ሁሉ ላይ ይከፋፈላል። በ1952 የወጣው የኢትዮጵያ የባሕር ሕግም ይህን ደንብ ይዟል። አያቴ ሕጉን አንብቦ አልነበረም፤ ውሃ ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚደርስበት ፍርድ ነው።

አዛውንቱ ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነት ነው ልጄ፤ ነጋዴዎቹ ይካፈሉ ነበር። አባቴም ግን ይካፈል ነበር። ጭነት የሌለው ቀዛፊ ምን ይካፈላል? በጉልበቱ ነዋ። ኪሳራው እስኪያልቅ የእህል ክፍያውን ሳያገኝ ይቀዝፍ ነበር» አሉኝ። ቤት ስመለስ ይህን ጻፍኩት። ከእኛ ወግ አጠገብ፣ ማን እንደተናገረው ጠቅሼ። ሁለቱን አንድ ላይ አልቀየጥኩም። ሰዎች የተለያየ ነገር ሲነግሯችሁ የሚያስማማ መሃል አትፈልጉ። ሁለቱንም እንዳሉ አስቀምጡ። እኔ በበኩሌ የንግድ ቤት ታሪክ ቀዛፊውንና ተሸካሚውን ካልያዘ ጎዶሎ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከባዱ ክፍል ግን የቅድመ አያቴ ዘመን ነበር። በዚያን ዘመን የጎጃም ንግድ ዓይን ባሶ ነበር፤ የዛሬው የጁቤ አካባቢ ማለት ነው። ከአባይ ማዶ ቡና፣ ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይመጣል። ሲራራው ይህን ጭኖ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደ ምጽዋ ባሕር ይወርዳል። ሲመለስ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ ይይዛል። ገንዘቡ ጠገራ ብርና አሞሌው ራሱ ነው። እዚህ መሃል አገር ተቀምጦ የሚነግድ ሰው ንግዱ መጨረሻ ላይ ከመርከብ ጋር ይገናኝ ነበር። ምጽዋ ላይ መርከብ ሲቀር ባሶ ላይ ዋጋ ይወርዳል።

በዚያው መንገድ ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን የታሪክ መጻሕፍት ይናገሩታል። ትልቁ አጎቴን «ቅድመ አያቴስ?» ብዬ ስጠይቀው ዝም አለ። ቆይቶ «ይሄን አትጻፊ» አለኝ። ለምን እንዳለ ይገባኛል፤ የቤቱን ክብር ማሰቡ ነው። ተቀምጠን ብዙ ተነጋገርን። በመጨረሻ ራሱ ከአባቱ የሰማውን ነገረኝ፤ ጽፌዋለሁ፤ እዚህ ግን አልዘረዝረውም፤ የቤተሰቡ ገና ያልጨረሰው ጉዳይ ነው። ለእናንተ የምለው ይህን ነው፦ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ በጉልበት አታውጡት፤ ግን ባዶ ገጽም አትተዉለት። ልጆቻችን በኋላ ከሌላ ቦታ ሰምተው «ደበቃችሁን» ከሚሉን ከእኛው ቢሰሙ ይሻላል።

ጣሊያን ሲገባ ሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባ በዛ። ሽማግሌዎቹ ናቪጋታና እያሉ የሚጠሩት የሐይቅ ማመላለሻ ድርጅት የዚያ ዘመን ውልድ ነው። አያቴ ያኔ ረጅሙን መንገድ ለሞተሮቹ ለቀቀና አጭሩን ያዘ፦ ከዘጌ ባሕር ዳር። ከተማዋ ስታድግ፣ በተለይ ፋብሪካው በ1953፣ ፖሊቴክኒኩ በ1955 ሲመጡ፣ ማገዶው፣ ቡናው፣ ጌሾው ሁሉ ፈላጊ በዛለት። ሞተሩን ለመግዛት ያሰበው ያኔ ነው።

የደርግ ዘመን ወረቀት በብዛት ያገኘሁበት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ያኔ ለሁሉም ነገር ወረቀት ያስፈልጋል። እህል በኮታ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ይገባል፤ የግል እህል ንግድ ተጨንቋል፤ በየመንገዱ ኬላ አለ። ጎጃም ትርፍ አምራች ስለሆነች ኮታው ከብዷት ነበር። አባባ ከእህል ወጥቶ ወደ ጌሾ፣ ሎሚና ገዳማትን ወደሚሳለሙ ምእመናን ዞረ። ለንግሥ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ወደ ናርጋ ሥላሴ ሰው ማመላለስ የጀመርነው በዚያ ችግር ነው። በመጋቢት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ የእህል ንግዱ ሲከፈት ግን ወደ እህል አልተመለሰም። ከ1983 በኋላ ደግሞ ቱሪስት መጣ። የዛሬው ሥራችን የተሠራው ከዚያ ነው።

በ2004 ገደማ እምቦጭ ታየ፤ ይህ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ አረም በሰሜን ምሥራቁ ዳር ሲበዛ የጀልባውን ሞተር ማሽከርከሪያ ይጠልፈዋል። ኮሮና መጣ። ከዚያም ጸጥታው ደፈረሰ፤ ቱሪስቱ ቀረ። በዚህ መሃል የአባባን የደርግ ዘመን ደብተር ማንበቤ ጠቀመኝ። አንዱ በር ሲዘጋበት በየትኛው ወር፣ በምን ጭነት፣ በስንት ዱቤ እንደተረፈ ቁጥሩ አለ። የገዳማቱን መስመርና ጌሾውን ዳግም ያጠናከርነው እሱን አይተን ነው።

ወረቀቶቹን በተመለከተ ጥቂት ልጨምር። የጣና ዳር እርጥበት ወረቀት ይበላል፤ ብልና ምስጥም አለ። መጀመሪያ ሁሉንም፣ ፊቱንም ጀርባውንም፣ በቀን ብርሃን በስልክ አንሱ። ከዚያ በዓመት ለዩና ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። የቆየ ወረቀት ላይ ማጣበቂያ አትለጥፉ፤ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ቁና፣ ዳውላ፣ እንቅብ የሚል ካገኛችሁ ወደ ኪሎ አትለውጡት፤ ልኩ በየገበያው ይለያያል። እንዳለ ጻፉና የየትኛው ገበያ እንደሆነ አስታውሱ።

ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ስትፈልጉ ደግሞ የአያታችሁን የክርስትና ስም አስቀድማችሁ እወቁ። እኔ ለገዳም የተሰጠ የቡናና የዕጣን ስጦታ ፍለጋ ሄጄ በዓለም ስሙ ስጠይቅ «እንዲህ የሚባል የለም» ተባልኩ። በክርስትና ስሙ ስጠይቅ ወዲያው ተገኘ። የእቁብ ደብተርም እንዳትረሱ። ማን በየትኛው ዓመት ስንት ይጥል እንደነበር ስታዩ፣ የትኛው ዓመት ጥጋብ የትኛው ዓመት ችግር እንደነበር ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል።

ሁሉንም ጽፌ ለሽማግሌዎቹ አነበብኩላቸው። አባባ አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማ ነበር። የደረሰኙ ጀርባ ሲነበብ «የእጁ ጽሕፈት ነው» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ሽማግሌዎቹ ለእታለም ድርሻ ይገባታል ብለው ፈረዱ። የታናሽ አጎቴን ጉዳይ ለማየትም ደብተሩ ረዳ። በየዓመቱ ለሌሎች የጀልባ ሠራተኞች የተከፈለው ተጽፏል፤ የእሱ ስም የለም። እንግዲህ በምን ያህል እንደሚካስ መነሻ ተገኘ።

ከዚያ ንግዱን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አደረግነው። በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ እንዲህ ያለ ማኅበር አባላቱ ከሃምሳ አይበልጡም፤ ለቤተሰብ ይበቃል። ጥቅሙ ብዙ ነው። የማኅበሩ ዕዳ በየሰው ቤት አይገባም። አንድ ሰው ሲሞት ጀልባው አይሸጥም፤ ድርሻው ነው ወደ ወራሽ የሚሄደው። ጀልባና ሞተር በዓይነት ሲዋጣ ዋጋው ይገመታል፤ እዚህ ላይ ታሪኩን መጻፋችን እጅግ ጠቀመን፤ የቱ ንብረት ከማን እንደመጣ ማንም አልተከራከረም። መመሥረቻ ጽሑፉን ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ አሳዩ። ከማኅበሩ ለመውጣት የሚፈልግ አባል ድርሻውን ለማን፣ በምን ዋጋ እንደሚሸጥ በግልጽ አስገቡበት። የቤተሰብ ማኅበር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ጽሑፉ በሦስት ቅጂ ተቀምጧል፤ አንዱ እታለም ቤት፣ አንዱ ቢሮ፣ አንዱ አዲስ አበባ እህቴ ጋ። የቀዛፊዎቹን ልጆችና የልጅ ልጆች ማነጋገሩ አልተጠናቀቀም። እነሱን ስጠይቅ የተሻለ መልስ ያመጡልኝን ጥያቄዎች ለሚጀምር ሰው ልተዋቸው። ጠዋት መጀመሪያ ምን ይጫን ነበር? ክፍያው በምን ነበር፣ በብር ወይስ በእህል? ዱቤ የማይከለከል ማን ነበር? ኪሳራ ሲመጣ ማን ከፈለ? ቤት ውስጥ ገንዘቡን የሚይዘው ማን ነበር፣ ቁልፉስ ማን ጋ ነበር? ከሥራው ተጣልቶ የወጣ ሰው አለ? ልጆቹ የት ናቸው? ይህን የመጨረሻውን ስትጠይቁ ሰዉ ትንሽ ያመነታል። ታገሱ፤ ከዚያ የተሰጠኝን አድራሻ ይዤ ነው ብዙውን ያገኘሁት።